የአስማረ ፊት በኩይሳ አፈር

ሰኞ ንጋት፣ አዘዞ

«በግንቦት ወደ ቆላ የሚወርድ አስተማሪ ጤና የለውም» አሉኝ የጭነት መኪናው ሾፌር ጋሽ ተካ፣ ገቢና ውስጥ ገና ሳልደላደል። ምክንያቴን ነገርኳቸው። ታናሽ ወንድሜ አስማረ ከሽንፋ ማዶ ዕጣን ሲቆርጥ በወባ ሞቷል። ጓደኞቹ መልኩን በአፈር ሠርተው ጫካ ውስጥ አቁመውታል አሉ። እናቴ አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። «ዝናብ ሳይቀድምህ ፊቱን አምጣልኝ» ብላ ላከችኝ። ጋሽ ተካ መስኮቱን ከፈቱልኝና ሞተሩን አስነሱ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ገንዳ ውሃ

ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ ዝንብ ነው። ኬላው ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ «ለምን ጉዳይ?» አለኝ።

«ወንድሜን ለማየት።»

አልዋሸሁም። አንድ ብርጭቆ ከርከዴ፣ የሱዳኖቹን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ጠጥቼ ወደ ሽንፋ የሚሄድ መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ።

ማክሰኞ፣ ጫካው

ከሽንፋ ግማሽ ቀን በእግር። የዕጣን ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፤ ልጣቸው እንደ ወረቀት እየተላጠ በነፋስ ይንሿሿል። ነቅቼ ይሁን እያለምኩ አላውቅም፣ ከዛፎቹ መሃል አምስት ሰዎች ቆመው አየሁ። ቀይ የኩይሳ አፈር፣ የሰው ቁመት፣ ዓይናቸው የዕጣን ጠብታ። ሦስተኛው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«አስማረ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አፈርን በስም መጥራት! ግን እሱው ነው።

የቆራጮቹ አለቃ አያ ሙላት የጎጃም ሰው ናቸው። ፊቱን ቆርጬ ልወስድ መሆኔን ስነግራቸው ደነገጡ።

«ኧረ መምህር! ያለ ፊት ሊቀር ነው? አምስቱ በአንድ ሳምንት ነው የሞቱብን። ሁላችንም ትኩሳት ላይ ነበርን፤ ሳናለቅስላቸው አፈር አለበስናቸው። ዝናብ መጥቶ ሲያፈርሳቸው ቆመን አልቅሰን ልንሸኛቸው ነው የሠራናቸው። የሥጋ ዘመድ የተገኘ እንደሆነ፣ የራሰውን ፊት በእጁ ጠርጎ ያወርዳል።»

«እናቴስ?»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓደኞቻቸው ሄዱ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ሸራ ለምኜ አስማረን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈንኩት፣ በገመድም ጠፈርኩት። ጠዋት ቆርጬው እሄዳለሁ ብዬ።

ረቡዕ ጠዋት፣ እዚያው

በሱዳን በኩል ሰማዩ እንደጠቆረ ነው። ዝናቡ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ፣ ከጎጆ ስንወጣ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ቆራጮቹ ሁሉ ተሰብስበው ያለቅሳሉ። ከአፈር ሰዎቹ የሁለቱ ትከሻ ወረደ፣ የአንዱ ዓይን ወደቀ፣ ከዚያ አራቱም ጉልበታቸው ከዳቸው። የኔ ብቻ ከሸራው ስር ደርቆ ቆሟል። ማንም አልተቆጣኝም። አያ ሙላት ብቻ ለራሳቸው እንደሚያወሩ «ልጁን ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱ» አሉ።

 ገመዱን ፈትቼ ሸራውን ገፈፍኩት። አፈሩ እስኪርስ ጠብቄ፣ መዳፌን ግንባሩ ላይ አድርጌ ወደ ታች ሳብኩት። አፍንጫው ሲሄድ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ። ለቀብሩ ያልደረስኩት ያን ቀን ደረስኩ።

ቅዳሜ፣ ጎንደር

እናቴ በር ላይ ናት። ቦርሳዬን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አመጣኸው?»

«አላመጣሁትም፣ እማዬ። ፊቱን በእነዚህ እጆቼ ሸኘሁት።»

 ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ፊቷ ላይ አደረገቻቸው፤ እስኪመሽ አልለቀቀችኝም።