ሰው የወነጀልኩበት ውሃ

ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚመስል በቃል ማስረዳት ያስቸግረኛል። መጀመሪያ ድምፁ ይሳሳል። እግርህ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ሳለ ጉልበቱ ከሥርህ ይከዳሃል። ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል። ከበስተኋላህ የተጫነው እህል አለ፣ ከበታችህ ገደሉ አለ። ያን ሰኞ ፍሬኑን ረግጬ፣ የእጁንም ስቤ፣ ከመኪናዋ ወረድኩና ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ከተትኩ።

መኪናዋ አሮጊት ናት። ጣሊያን ጥሎ ከሄዳቸው መኪኖች አንዷ ስትሆን ከእጅ እጅ ዞራ እኔ ዘንድ ደርሳለች። ከደብረ ብርሃን እህል ወደ ደብረ ሲና አወርዳለሁ፣ ስመለስ የቆላውን ምርት እጭናለሁ፣ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንኮበር ደርሼ አድሬ እመጣለሁ። ናፍጣ የምቀዳው ደብረ ሲና መግቢያ ላይ በርሜል ደርድረው ከሚሸጡ ሽማግሌ ነበር። የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ናፍጣውን በነጭ ጨርቅ አጥልለው ነው የሚሰፍሩት፤ ጨርቁንም በየቀኑ ያጥቡታል። አሥር ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ቀድቻለሁ።

የነዳጅ ችግር ሲገጥመኝ አልቸኩልም፤ ቀላሉን አስቀድማለሁ። ሰልባትዮው፣ ማለት የናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ ባዶ ይሆን? እንጨት ከትቼ ለካሁት፣ ከግማሽ በላይ አለው። ቱቦው ያንጠባጥብ ይሆን? ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍና ይሆን? በስንደዶ ወጋኋት፣ ክፍት ናት። የቀረው ፊልትሮው፣ ማለት ማጣሪያው ነው። ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ፈትቼ በመዳፌ ተቀበልኩ። ናፍጣ ቀለም አለው፣ ይወፍራል። መዳፌ ላይ የወረደው ግን ጥርት ያለ ነበር። አሸተትኩት፣ በምላሴም ነካ አደረግሁት። ውሃ ነው።

ክው አልኩ። መኪናዋ ደልዳላው ላይ ደህና ሄዳ ዳገት ላይ የምትሞተው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃው ከሥር ይተኛል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀና ወደ ኋላ ይንሸራተትና ነዳጁ የሚወጣበት አፍ ላይ ይከማቻል። ፊልትሮው ላይ ግራጫ ጭቃ ነገርም ነበረበት። የመንገድ አቧራ ነው ብዬ ጠረግሁት። ያን ጠዋት ናፍጣ የቀዳሁት ከሐጂ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ቱቦውን አጥቤ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ ወደ ደብረ ሲና ተመለስኩ። ሹፌሮች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገባሁ፤ ሐጂም በር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ሁልጊዜ አንቱ የምላቸውን ሰው በዚያ ሁሉ ሹፌር ፊት አንተ አልኳቸው።

«ውሃ ሸጥክልኝ» አልኳቸው። «ገደል ልትከተኝ ነበር።»

ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አይመስለኝም፤ ሰው በጥፊ ሲመታ መጀመሪያ የሚመጣው ዓይነት መገረም ነው። ናፍጣቸውን አጥልለው እንደሚሸጡ፣ ውሃ ከገባበትም ከእሳቸው እጅ ከወጣ በኋላ እንደሆነ፣ ወላሂ ብለው ተናገሩ። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ «ሐጂ፣ መኪኖቻችንን ሊያሰግዷቸው ነው እንዴ ውዱ የሚያስደርጓቸው?» ብሎ በስግደት ትጥበታቸው ሲቀልድ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ይህን ስጽፍ ከሁሉ የሚከብደኝ ያ ሳቅ ነው።

በዚያው የሹፌሮቹ ሽማግሌዎች ተመካከሩ። ከእንግዲህ ማንም ከእሳቸው አይቅዳ፣ እስከ ቅዳሜም በርሜላቸውን ከመንገዱ ያንሱ ተባለ። ሐጂ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ያ በርሜል ነው ቤታቸውን የሚያኖረው። ደግሞ ውሃ ሻጭ የተባለ ነጋዴ አሊዩ አምባም ቢወርድ ስሙ ይከተለዋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም ይበላቸው አልኩ።

ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ላይ ሰልባትዮውን ፈትቼ አወረድኩት። ውስጡን በናፍጣ ሁለቴ አለቀለቅሁት፣ ፊልትሮውን አጠብኩ፣ ከከተማው ማደያ ንጹሕ ናፍጣ ሞላሁ። ረቡዕ አንኮበር ገባሁ። መኪናዋ እንደ ወጣት ሄደች። እንደ ልማዴ የነፍስ አባቴ ደጅ አቆምኳትና እዚያው አደርኩ። የነፍስ አባቴ ያሳደጉኝ ያህል የሚወዱኝ ቄስ ናቸው። ጠዋት ግንባሬን በእምነት ቀብተው፣ ማለት በዚያ በጠበሉ ቦታ በሚሰጠው የተባረከ አመድ፣ መኪናዋንም ጠበል ረጭተው ሸኙኝ። ከከተማው ሳልርቅ ዳገቱ ጀመረ። ድምፁ ሳሳ። ከዚያ ዝም አለ።

እንዴት እንደ ደነገጥኩ! አንድ ጠብታ ናፍጣ ከሐጂ አልቀዳሁም። ፊልትሮውን ፈታሁ፤ ውሃው ወረደ፣ ልክ እንደ ሰኞው። የማጣሪያውን ጨርቅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ያው ግራጫ ጭቃ ነው። ግን ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ ይህን ያህል አቧራ ከየት ይመጣል? በጣቴ ፈጨሁት። የመንገድ አቧራ አሸዋ አለው፣ ይሻክራል። ይህ እንደ ዱቄት ይልማል። ላቤን ለመጥረግ ሌላውን እጄን ወደ ግንባሬ ሰደድኩና ጣቴ ላይ ግራጫ ነገር ይዤ መለስኩ። ሁለቱን ጣቶቼን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። አንድ ዓይነት ናቸው።

በእግር ወደ ነፍስ አባቴ ተመለስኩ። ደጃቸው ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ ጨርሰው ቀና እስኪሉ ጠበቅሁ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «መኪናዋን ጠበል የት የት ነው የረጩልኝ?»

«ጎማዋን፣ ፊቷን፣ መሪዋን።»

«ሌላስ?»

ቄሱ አላፈሩም፤ የሚያፍሩበት ነገር አልታያቸውም። «አጠጣኋት እንጂ» አሉ። «ከተኛህ በኋላ፣ እምነት በጥብጬ፣ በናፍጣው አፏ። ታማለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ይጸልዩላት ያልከኝ አንተው አይደለህም? የታመመ ተረጭቶ ብቻ ይድናል? ይጠጣል። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ እሑድ ሌሊትም አጠጥቻታለሁ፣ ትናንት ግን አበዛሁላት።»

እውነት ነው፤ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት ከፊልትሮው እርጅና የመጣች ትንሽ ድካም ነበረችባት፤ እንደ ዘበት ነበር የነገርኳቸው። እሳቸውም ያወቁትን መድኃኒት ሰጧት። የሐጂን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስነግራቸው ዳዊታቸውን ዘጉ። ጠበሉ ሞተር ማጥፋቱን እንኳ ብዙ አልጠየቁኝም። ደጋግመው የጠየቁኝ ሰውዬውን ምን እንዳልኳቸው ነው። በማን ፊት እንዳልኳቸውም። በመጨረሻ፣ «መቼ ነው በርሜሉን የሚያነሱት?» አሉኝ። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው ስላቸው በትራቸውን አነሱ።

ዓርብ ሰልባትዮውን እንደገና አጠብኩ፤ ቅዳሜ ማለዳ ደብረ ሲና ስንደርስ ሐጂ በርሜሎቻቸውን ባዶ አድርገው እያንከባለሉ ነበር፤ አህዮች ቆመው ይጠብቃሉ። የነፍስ አባቴ ከመኪናዋ ወርደው ከኔ ቀደሙ።

«ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሏቸው። «አንቱ የለበትም።»

ሐጂ አንዴ ቄሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ቀስ ብለው ነገሩን ሁሉ አደመጡ። ጠበል መሆኑን ሲሰሙ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ መልሰው ዋጡት። እኔ መሬት ወድቄ እግራቸውን ልይዝ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አባ ክፉ አላሰቡም» አሉ። «አንተ ግን አሥር ዓመት ታውቀኛለህ። አንድ ቀን መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ይቅር ይበሉኝ ብቻ አልኩ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። የተናገርከው ግን ለእኔ አይደለም፤ ሻይ ቤት ነው። እዚያው ሂድና በዚያው ድምፅ ተናገር።»

ሄጄ ተናገርኩ። ውሃው ከራሴ ቤት እንደ ወጣ፣ ሐጂ ንጹሕ እንደሆኑ፣ አጥፊው እኔ እንደሆንኩ ቆሜ ተናገርኩ። የነፍስ አባቴም መሰከሩ። ሁሉም እፎይ ብሎ የሚነሳ መስሎኝ ነበር። ያ ቀልደኛ ሹፌር ግን ሻዩን እያማሰለ፣ «ቄሱን ይዞ የመጣው ስንት በልቶ ይሆን?» አለ። ሰዎች ሳቁ። ሰኞ ለውንጀላዬ ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቅዳሜ እውነቱን ስናገር ሁሉም ማስረጃ ፈለገ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹ በቄሱ ቃል በርሜሉ ይቆይ ስላሉ ሐጂ መልሰው ተከሉት፤ ከእሳቸው የሚቀዳ ግን እኔ ብቻ ሆንኩ። እኔም ማለዳ ማለዳ፣ ሹፌሮች በሚያልፉበት ሰዓት፣ መኪናዬን ፊት ለፊታቸው አቁሜ እቀዳለሁ። ቀድቼም ቶሎ አልሄድም፤ ጎማ የማይ መስዬ እቆያለሁ። ሌሎቹ ጥሩምባ እየነፉብን ያልፋሉ። ከዚያ የዳገቱን መንገድ እያዩት እወጣለሁ፤ መኪናዋም አንድ ቀን እንኳ አልጠፋችብኝም። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

መስከረም ላይ አንድ የጭነት መኪና ከኋላዬ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በርሜሎቹን አየ። ሐጂ ወደ እኔ አልዞሩም። ጨርቃቸውን አራግፈው በርሜሉ አፍ ላይ ዘረጉና፣ «ስንት ጣሳ?» አሉት።