«አገልግሏል» የሚለው ደብዳቤ

ብዙአየሁ ኪዳነወልድ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምጿ ይቀጥናል እንጂ። ያን ዕለት ዲላ ላይ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ለመቀበል በኪራይ ቤት በተከፈተው ቢሮ መስኮት ፊት ስትቆም፣ ድምጿ እንደ ስፌት ክር ቀጥኖ ነበር።

«እኔው ነኝ እያልኩህ እኮ ነው!» አለችው።

«አንቺ መሆንሽን መታወቂያሽ ይናገራል» አለ ባለመስኮቱ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት። «ይኼ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ስለ ሌላ ሰው ነው። ስሚ፦ ‹ብዙአየሁ ኪዳነወልድ ለአሥራ አንድ ዓመት በአዋላጅነት አገልግሏል፤ ታታሪና በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ነው።› ይኼ ሰውዬ የት አለ?»

ደብዳቤው የመጣው በታሸገ ፖስታ ስለነበር እሷም ገና መስማቷ ነው። ስሟም አልረዳትም፤ ብዙአየሁ ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሴት መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አምጪ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ይህች ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሕፃን እየተቀበለች «ወንድ ነው»፣ «ሴት ናት» ስትል፣ አንድም አባት ማኅተም ያለበት አምጪ ብሏት አያውቅም። አሁን ስለ ራሷ ማኅተም ተጠየቀች። ማን የማይናደድ አለ?

«ዓይን የለህም?» አለችው።

«ዓይንማ አለኝ፤ ፋይል የሚታየው ግን በወረቀት ነው። አምና በሰው ደብዳቤ የገባ ተይዞ ጣጣው ለእኔ ተርፏል» አለና ቀጣዩን ጠራ።

አባቷ መምህር ኪዳነወልድ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ባለችው ቡሌ የቀሩ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ልጃቸው «ላሙ» ካለች ራት ከመብላቷ በፊት አሥር ጊዜ «ላሟ» ያሰኟት ነበር። አድጋ በዲፕሎማ አዋላጅነት ተመረቀችና ከቡሌ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ተመደበች። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን አዋልዳለች፤ መንገዱ ጨቅይቶ መኪና አልወጣ ሲል፣ ወላዷን በቃሬዛ ከተሸከሙት ወንዶች እኩል ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳለች።

ባለፈው ክረምት ግን ሀጅራ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ደሟ አልቆም ብሎ፣ ዲላ ሳትደርስ ቃሬዛ ላይ አረፈች። መደረግ የነበረበት ነገር እንዳለ ብዙአየሁ ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አልተማረችም። ይህ ነገር ሲያንገበግባት ከረመና በዲግሪ ልትማር ቆረጠች። ወረዳው ለሴት አዋላጆች ያገኘው አንድ ቦታ ነበር፤ ለእሷ ተሰጠ። ማኅተም ያዡ ከፈቃድ እስኪመለስ የድጋፍ ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ስለቆየ፣ ዲላ የደረሰችው በመጨረሻው ቀን ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመዘገበች ቦታው ለሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ከቢሮው ወጥታ ባጃጆቹ በሚጮኹበት መንገድ ዳር ቆመችና የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ተሻለ ጋ ደወለች። በአራተኛው ሙከራ ገባላት።

«ሀሎ ሲስተር! ደረስክ? ተመዘገብክ?» አሉ።

ይኸው! አቶ ተሻለ አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነውና ወንዱም ሴቱም ለእሳቸው «መጣ» ነው። ብዙአየሁ ይህን አሳምራ ታውቃለች። በሻይ ሰዓት ድምፃቸውን አስመስላ «እናትየው በሰላም ወለደ፣ ሲስተር ይረፍ!» ስትል፣ የመድኃኒት ክፍሏ ሉሲ ሻዩ ትን እስኪላት ትስቅ ነበር። እሳቸው ብቅ ሲሉ ሁሉም ጸጥ ይላል። ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው የለም። አለቃ ናቸው፣ ቅር ይላቸዋል፣ ነውር ነው። በየዓመቱ የሥራ ምዘናዋ ላይ «አገልግሏል» ብለው ሲጽፉ፣ የአማርኛ አስተማሪው ልጅ ሥሩ ላይ ፈርማ ወጥታ ትስቃለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

የእሷ ጌዴኦኛስ ቢሆን? ምጥ የያዛትን ሴት «ግፊ» ለማለት ሌላ ነገር ስትል፣ አቶ ተሻለ ቀስ ብለው ጠጋ ይሉና ትክክለኛውን ይነግሯታል። አንድ ቀን እንኳ ስቀውባት አያውቁም።

«አቶ ተሻለ፣ ደብዳቤዎ ወንድ አድርጎኛል» አለች። «‹አገልግሏል› ብለው ጻፉ። እኔ ሴት ነኝ። ‹አገልግላለች› ነው የሚባለው። አልቀበልም አሉኝ።»

 የአቶ ተሻለ ድምፅ ዝቅ አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን፤ እንዲህ ነው የሚባለው ብለህ አልነገርከኝም።»

 ልታወርድባቸው ያዘጋጀችውን ነገር ሁሉ ተወችው። ንዴቱ ግን አልበረደም፤ ወደ ራሷ ዞረ።

«ሌላ ጽፌ በሞተር አመጣለሁ» አሉ። «አትሂድ፣ እዚያው ጠብቀኝ።»

ጠበቀች። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። ደውላ ብትጠይቅ ቡሌ መብራት የለም፣ ማተሚያው አይሠራም። ሰልፉ አለቀ። ባለመስኮቱ ቁልፉን ሲያነሳ እጇን መስኮቱ ላይ ጣለች።

«ሰው በሞተር እየመጣ ነው። ትንሽ ታገሠኝ።»

«እህቴ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሞልቷል። ለከርሞ።»

«ለከርሞ? እስከ ከርሞ ለምትሞተው እናትስ ማኅተም ያለበት ላምጣልህ?»

ሰውየው ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሳና መስኮቱን ዘጋው።

አቶ ተሻለ የደረሱት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። የተዘጋውን መስኮት አዩት፣ እሷን አዩ። መብራት ስለጠፋ በእጃቸው ጽፈው ማኅተም ያደረጉበትን ደብዳቤ አውጥተው ሰጧትና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ፊቷን እያዩ ቆሙ።

አነበበች። «በአዋላጅነት አገልግላለች።» «ታታሪና በሥነ ምግባሯ የተመሰገነች ናት።» እያንዳንዱ ቃል ተፍቆ እንደገና ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን «ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን» ይላል።

«አሁን ልክ ነው?» አሉ።

መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቦታው ሄዷል። ያን ሁሉ አቧራ በልተው የመጡትን ሰውዬ ልክ ነው ብላ ብታሳርፋቸው ምን ይጎዳል? ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«አይደለም» አለች። «መጨረሻው ላይ ‹እንዲደረግለት› ይላል። ‹እንዲደረግላት› ነው።»

አቶ ተሻለ ወረቀቱን ተቀብለው የሞተሩ ኮርቻ ላይ ዘረጉትና ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ። «አሳዪኝ።»

በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ብለው ሲያናግሯት የመጀመሪያቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ እንባ ያልወጣት ብዙአየሁ፣ ያን ጊዜ ነው በራሷ ተናዳ ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው።