በውዱእ ውኃ ያደገ አበባ

ቁንዶ በርበሬ መዳፌ ላይ ባፈሰስኩ ቁጥር በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ያለው የልጅነት ግቢያችን ትዝ ይለኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ መጥተው ጎረቤታችን የሆኑት እትዬ አስቴር አምስት ጥቁር ፍሬዎች ሰጡኝ። ቁንዶ በርበሬ መስሎኝ አንዱን ነከስኩት። እየሳቁ አስተፉኝና ወደ ማምሻው የሚያብብ አበባ ዘር መሆኑን ነገሩኝ። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ አሥር ሰዓት ላይ ይነቃል አሉኝ።

የቀሩትን አራቱን አጥር ሥር ተከልኳቸው፤ ሁሉም በቀሉ። ያን ዓመት ግን ዝናብ ጠፋ። ውኃ የምናገኘው በአህያ ጋሪ ከሚመጣ ጀሪካን ብቻ ነበር። እማዬ አንዲት ኩባያ እንኳ ከለከለችኝ።

«አበባ ወጥ ይሆናል እንዴ? ሱኩማ ብትተክዪ ጎመኑን በበላን።»

ተደብቄ የልብስ እጣቢ አጠጣኋቸው። ሳሙናው አንዱን ገደለው፤ ሦስቱ ጠወለጉ። አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አባዬ አየኝ።  ለሶላት ሲነሳ እጅ እግሩን እየታጠበ ውዱእ የሚያደርግበትን ድንጋይ ከበሩ አንስቶ አጥሩ ሥር አስቀመጠው።

«ከእግሬ የሚወርደውን ማንም አይከለክልሽም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በቀን አምስት ጊዜ ጠጡ። እኔም በማንኪያ ትንንሽ ቦይ ቆፈርኩላቸው። ቅጠላቸው ቀና አለ፣ እንቡጥ ያዙ።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ለዐሱር ሶላት እጅጌውን የሰበሰበው አባዬ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የጠራው እኔን ሳይሆን እማዬን ነበር። እንቡጦቹ ዓይናችን እያየ ተፈቱ፤ ሁለቱ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ። ሽታቸው ቀስ ብሎ ግቢውን ሞላው። እማዬ ጎንበስ ብላ ቢጫውን አሸተተችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

«እስቲ አፍስስልኝ» አለችው። «ወደ ቢጫው አድርገው፣ እሱ ይበልጥ ጠምቶታል።»

አባዬ ሳቀ። እኔም ከእማዬ ቀጥዬ ተራዬን ያዝኩ። ያን ዕለት ሶላት የሰገድነው አበባ አበባ እየሸተተን ነው።

ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ቧንቧ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያው ዘር የበቀለው አበባ አጥሩን ሸፍኖታል፤ ልጆቼ በጎማ ያጠጡታል። እንደ እኔ በእጣቢ አለመቸገራቸው ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ግን የዐሱር አዛን ሊቃረብ ሲል ውኃውን አስዘጋቸውና አጠገቤ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዲት እንቡጥ መርጠን፣ እስክትከፈት ድረስ አብረን እንጠብቃለን።