በሰፌድ የተበጠረው የጥንቅሽ ዘር

ገሠሠ በየጠዋቱ ወደ ዘር ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሱሪውን እጥፋት ይገለብጥና ተጣብቆ የመጣ ዘር እንዳይኖር በትንሽ ብሩሽ ይጠርጋል። ቀጥሎ የጫማውን ሶል፣ ቀጥሎ የሹራቡን እጅጌ። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው የለም። የሚሠራበት የእጽዋት ማዕከል ከአትላንታ ወደ ሮዝዌል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አነስተኛ ተቋም ነው፤ ከባሕር ማዶ ማዕከላት ጋር ዘር ይለዋወጣል። የመጣውን ዘር በወንፊት የሚነፋው፣ በማጉያ መነጽር የሚመረምረውና በቡናማ ፖስታ የሚያሽገው ገሠሠ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ኢስት ፖይንት በሚባል ሰፈር ብቻውን ይኖራል። ኤርፖርት አሥራ አንድ ዓመት ጭነት ካወረደ በኋላ ወገቡ እምቢ ሲለው ይህን ሥራ አገኘ፤ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል።

ማዕከሉ በየዓመቱ ጥር ላይ የዘር ዝርዝር ያወጣል። ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩ ሰዎች የአገራቸውን ዘር መጠየቅ ይችላሉ፤ ማዕከሉ እዚያ ካለው አቻው ያስመጣላቸዋል። ቡፎርድ ሃይዌይ አጠገብ ያለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ከሕንፃው ጀርባ አሥራ አራት መደብ አለው፤ አሥራ አራት ቤተሰቦች ጎመን፣ ቃሪያና በቆሎ ያለሙበታል። የመደቦቹ ኃላፊ ወይዘሮ ብዙነሽ ይባላሉ፤ በነርስ ረዳትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከዝርዝሩ የጠየቁት ጥንቅሽ ነበር፤ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ማሽላ። አዲስ አበባ ተወልደው ስላደጉ፣ ጥንቅሽን የሚያውቁት ተቆርጦ መንገድ ዳር ሲሸጥ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት አለፈ። አገር ቤት ያለው ማዕከል ዘሩን አዘጋጅቶ ነበር፤ ከበሽታና ከአረም ነፃ መሆኑን የሚመሰክረው ወረቀት ግን አልተፈረመም።

«ገሠሠ፣ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ሻይ ነው የምትጠጣው?» ይሉታል ወይዘሮ ብዙነሽ እሑድ እሑድ።

«ወረቀቱ ነው እትዬ ብዙነሽ። ፕሮሰስ ላይ ነው።»

«እኔ ሲቲዝን የሆንኩት ከዚህ ባነሰ ፕሮሰስ ነው።»

ሰው ይስቃል፤ ገሠሠም አብሮ ይስቃል። ሚያዝያ ላይ ግን ቆቦ ያለው ወንድሙ በመንገደኛ ሻንጣ ግማሽ ኪሎ የጥንቅሽ ዘር ላከለት። «ከንጹሕ እርሻ ነው» አለው በስልክ። ገሠሠ ዘሩን ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በማዕከሉ ቡናማ ፖስታ አሸገው። ፖስታው ላይ ገና ላልመጣው ዘር የተያዘውን ቁጥር ጻፈበት። ያልተመዘገበ ዘር ወደ ዘር ክፍሉ ማስገባት ክልክል ነው፤ እሱም አላስገባም። በዚህም ምክንያት ዘሩ ወንፊትም ማጉያም ሳያየው ወይዘሮ ብዙነሽ እጅ ገባ። ፖስታውን የተጠራጠረ አልነበረም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ብዙነሽ ልጅ ሄርሜላ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ማሚ በየቀኑ ውሃ ታጠጣለች፣ ግን ማሽላው ድራይ ያደረገ ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ አበባ ወጥቷል፣ ላይክ፣ በጣም ነው የሚያምረው። ፒክቸር ልላክልህ?»

ፎቶውን ባየ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፓርክ አደረገ። አፈሩ እርጥብ ነው። የማሽላው ቅጠል ግን ዝናብ እንደራቀው ተጠቅልሏል። ከሥሩ ዙሪያ ስንዝር የሚያህሉ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያወጡ ቀጫጭን ተክሎች ቆመዋል። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ነው። አቀንጭራ የማሽላንና የበቆሎን ሥር ይዞ ይመጥጣል፤ ከመሬት በላይ ሲታይ ከታች ጉዳቱ ደርሶ አልቋል። አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ሲሆን አፈር ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ይጠብቃል። የገሠሠ አባት በዚህ ምክንያት ሁለት ማሳ ትተው ወጥተዋል።

«ዘሩን እንደሰጠሁዎት ነው የዘሩት?» አላቸው ወይዘሮ ብዙነሽን።

ቅር አላቸው። «ምን ነካህ? ትቢያ ያለበት ዘር ለሰው አድላለሁ? በሰፌድ አበጥሬ ነው ለጠየቁኝ ቤተሰቦች የሰጠሁት።»

«የት ሆነው?»

በአገጫቸው አመለከቱት፤ መሀል፣ ቧንቧው አጠገብ።

«ነፋስ ነበር?»

«ነፋስ ከሌለ በምን ይበጠራል?»

ገሠሠ መደቦቹን አንድ በአንድ አየ። ጥንቅሽ ባልተዘራባቸው ስድስት መደቦች ላይም፣ በበቆሎው ሥር፣ ያው አበባ ነበር። ተመልሶ መጥቶ ነገራቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ የእጅ ጓንታቸውን አወለቁ።

«ነቅለን እናቃጥለዋ። ሄርሜላ ላስቲክ ታመጣለች።»

«የምንነቅለው የሚታየውን ነው እትዬ። ለመሥሪያ ቤቱ መናገር አለብኝ።»

«ተናገርክ እንበል። መደቦቹን ይዘጋሉ?»

«ይዘጋሉ።»

«ለስንት ጊዜ?»

ገሠሠ የተጠቀለለ የማሽላ ቅጠል በጣቱ ዘረጋ። ወይዘሮ ብዙነሽ የቧንቧውን ጎማ መጠቅለል ጀመሩ።

«አንተንስ?»

«ፖስታው ላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው። ከሥራ ያስወጡኛል፤ ከዚያ በላይም ሊኖር ይችላል።»

«ታዲያ ማን ጠየቀህ?»

ገሠሠ ወደ ሽቦ አጥሩ ዞረ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጓሮ ባለቤት፣ አንድ የሜክሲኮ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር በቆሎ ዘርቷል። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል። ሰውየው በሩቁ እጁን አነሣላቸው፤ ወይዘሮ ብዙነሽም አጸፋውን መለሱለት።

«እሱ ምንም አያውቅም» አለ ገሠሠ።

ወይዘሮ ብዙነሽ የጠቀለሉትን ጎማ ቧንቧው ላይ ሰቀሉ። «ፓስተሩን እኔ አናግራለሁ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ገሠሠ ዘር ክፍሉ አልገባም። ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጦ ሁሉንም በኢሜይል ጻፈ፤ ሻንጣውን፣ ቁጥሩን፣ ሰፌዱን። አንዱን ለአለቃው፣ አንዱን አረም ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ላከ። አለቃው ከምሳ በፊት ጠርታ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበለችው። የመሥሪያ ቤቱ መልስ አጭር ነበር፦ ምንም አትንቀሉ፣ ውሃ አታጠጡ፣ ሰው አይግባ፣ ሠራተኞች ሐሙስ ይመጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ገሠሠ የመደቦቹን በር ሊቆልፍ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። አበቦቹ ከላይ ገና ወይን ጠጅ ናቸው። ከታች ያሉት የፍሬ ከረጢቶች ግን ቡናማ ሆነው ጫፋቸው መሰንጠቅ ጀምሯል። ረቡዕ ተከፍተው ዘራቸውን ይበትናሉ።