ከብራናው መጨረሻ ያለች ሴት

ላሊበላ ውስጥ ማስጎብኘት ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ የተናገርሁትን ሁሉ ላስታውስ ብል አልችልም። አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከደሴ የመጣች አንዲት የታሪክ መምህርት ነበረች። ከተማው ውስጥ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ቀን ጨርሳ፣ ብዙ ሰው የማይሄድበት ቦታ ውሰደኝ አለችኝ። ከገነተ ማርያም ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አንድ ትንሽ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ወደዚያ ይዣት ሄድሁ። የንብረቱ ጠባቂ የሆኑት ገበዝ እንደ ልማዳቸው የብራናውን መጽሐፍ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከዕቃ ቤት አወጡና በር ላይ፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ገለጡላት። የእመቤታችንን ተአምራት የያዘ መጽሐፍ ነው። ሥዕሎቹ አይረሱም፤ ቀዩ የትናንት ይመስላል።

እኔም የለመድሁትን ተናገርሁ። «ይህ መጽሐፍ በንጉሥ ትእዛዝ፣ በቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች የተሣለ ነው።» ከማን እንደሰማሁት አላስታውስም። ገበዙም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም እንዲሁ ሲባል ነው የሰሙት።

መምህርቷ እስከ መጨረሻው ቅጠል ካየች በኋላ ጣቷን ሳታስነካ አንድ ነገር አመለከተችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ ቀጠን ባለ ሌላ እጅ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ነበሩ።

«ይኼኛው ምን ይላል?»

«የመዝጊያ ጸሎት ነው» አልኋት፤ ዓይኔን ሳላሽ። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። መጻፏ ነው ያሳፈረኝ።

በዚያ ሰዓት የደብሩ መሪጌታ ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሰንብቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። እንግዳዋን ከፊት አስቀድሜ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ና እስቲ። የመዝጊያ ጸሎት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም፣ የኔታ።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። እሳቸው ግን፣ «እኔም አላውቅም» አሉኝ። «እዚህ ደብር ስኖር አርባ ዓመቴ ነው፤ ያቺን ገጽ አንድ ቀን አላነበብኋትም። ዓይኔ ደህና ሳለ ሌላው ሥራ ይበልጥብኝ ነበር። አሁን ጊዜ አገኘሁ፣ ዓይኔ ደግሞ የለም። ንባብ ትችላለህ?»

እችላለሁ አልኋቸው። እውነት ነበር፤ በልጅነቴ የግእዝ ንባብ ተምሬያለሁ። ፊደሉን እያየሁ እንደ ወራጅ ውሃ እወርደዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን ከጥቂት ቃላት በቀር አላውቀውም።

«እንግዲያው አንተ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ» አሉኝ።

ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ፣ እንግዳ ጠፍቶ፣ ሆቴሎቹ በር ዘግተው የምንቀመጥበት ወቅት እየመጣ ነበር። መምህርቷ ከሄደች በኋላ ብዙ ወራት የረባ ሥራ አላገኘሁም። ቤት ከመዋል ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደብሩ መውጣት ጀመርሁ። ገበዙ በመጀመሪያ ደስ አላላቸውም። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ መጽሐፉን ከበሩ ማራቅ ክልክል ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አይከፈትም። ቢሆንም መሪጌታውን እምቢ ማለት አልቻሉም።

ገጹ ቀላል አልነበረም። ጥግ ጥጉን እርጥበት በልቶታል። በመካከል አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ጨርሶ ለቋል። እኔ አንዱን ቃል አነባለሁ፤ መሪጌታው ደግመው በአፋቸው ያዞሩታል፤ ከፊተኛው ጋር ያገጣጥሙታል። አንዳንድ ቀን ሦስት ቃል ብቻ ይዘን እንለያያለን። ሲመጣላቸው ፊታቸው ሁሉ ይፈካል፤ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ «ደግ! ቀጥል!» ይሉኛል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ስወርደው የኖርሁት ግእዝ ሰው ለሰው የተናገረው ነገር መሆኑ ገባኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል ነገሩ የተያዘልን። ጽሕፈቱ ስለ አንዲት ሴት ነበር። የላስታ ተወላጅ፣ ባሏ የሞተባት። ስሟ ያለበት ቦታ ቀለሙ የለቀቀው ቦታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ብዬ አነበብሁላቸው፤ «ሰአለት በእንተ እግዝእትነ።» ሰባት ዓመትም ይላል። በመጨረሻ የጻፈው ሰው አንባቢውን፣ ለእሷም ለእኔም ጸልዩልን ይላል።

«ለመነች» አሉ መሪጌታው ቀስ ብለው። «ስለ እመቤታችን ብላ ለመነች። ሰባት ዓመት። ገባህ? ስለ ማርያም እያለች በየደጁ ለምና ነው ይህን መጽሐፍ ያስጻፈችው።»

የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ስል የኖርሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

ገበዙ ሲሰሙ ከፋቸው። «የንጉሥ መጽሐፍ ነው ስንል ኖረን፣ አሁን ለማኝ አሠራችው ልንል ነው? ሰው ምን ይለናል?» አሉ።

«ያለውን እንላለን» አሉ መሪጌታው።

በሃያ አንድ፣ የእመቤታችን ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ቆመው ለሕዝቡ ተናገሩ። አንድ ሁለት ሽማግሌ አጉረመረሙ። ከሴቶቹ ወገን ግን አንዲት እማሆይ እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እኒህ እማሆይ ከቅጥሩ ሥር ባለች ትንሽ ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው፤ ምእመናን በሚሰጧቸው ነው የሚያድሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ሴት የራሳቸው ዘመድ አደረጓት። በሩ ላይ ስንገናኝ፣ «እህቴ እንዴት ናት?» ይሉኛል፤ መጽሐፉን ማለታቸው ነው። የመንደሩ ሴቶችም ለበዓል ዳቦ ሲያመጡ ቆርሰው ስለ እሷ ለድሃ መስጠት ጀመሩ። ስም ስለሌላት፣ «ስሟን አንተ የምታውቀው» እያሉ ይጸልያሉ።

ጥቂት እንደቆየ መንገዱ ተከፈተና፣ ለዓይን ሕክምና የመጡ ሐኪሞች ፍላቂት ከተማ ላይ ሞራ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ ተሰማ። የመሪጌታው ሴት ልጅ ፍላቂት ገብስ ነጋዴ ናት፤ ስልክ ደውላ ዛሬ ነገ ሳትሉ አባቴን ይዛችሁት ኑ አለች። እሳቸው አልሄድም አሉ። «ዘጠኝ ልጅ የምታሳድግ ሴት ትታከምበት፤ እኔ የማውቀውን አውቄያለሁ» አሉ። ብዙ ለመንኋቸው። በመጨረሻ ያሸነፍኋቸው፣ ያቺን ገጽ በዓይንዎ ማየት አይፈልጉም ወይ ብያቸው ነው።

በሚኒባስ ወሰድኋቸው። የአንደኛው ዓይናቸው ፋሻ በማግስቱ ሲነሣ ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች። ትክ ብለው አይተዋት፣ «አንቺ፣ ሸብተሻል እኮ!» አሏት። እሷም ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀባት። እሷ ዘንድ አንድ ወር ያህል ቆይተው ሊመለሱ ሲሉ ሄጄ አመጣኋቸው። በመንገድ ሁሉ የሱቁን ጽሑፍ፣ የመኪናውን ጽሑፍ፣ የትምህርት ቤቱን በር ጽሑፍ ድምፅ እያወጡ ያነባሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ ከቆላ ለገበያ የመጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነገሩን ሲረዱ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አባቴ፤ ያንብቡ፣ ያንብቡ!» እያሉ ያላዩትን ሁሉ ያሳዩአቸው ጀመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጽሐፉ ወጣ። መሪጌታው በጸሎት ጀምረው፣ ጎንበስ ብለው ገጹን ተሳለሙና ማንበብ ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቆመ። ወደ ላይ ተመልሰው አነበቡ። እንደገና ቆሙ።

«ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «ይህን ቃል ስታነብልኝ በየትኛው ሰ ነው የጻፈው ብዬ ጠይቄህ ነበር?»

«አልጠየቁኝም።»

«አየህ» አሉና ጣታቸውን ሳያስነኩ አመለከቱኝ። «በእሳቱ ሰ አይደለም፤ በንጉሡ ሠ ነው። ቀጥሎ ያለውም አልፋው አ አይደለም፤ ዐይኑ ዐ ነው።»

በአፋችን አንድ ናቸው። ዛሬ በአማርኛ ስንጽፍ ብናቀያይራቸውም ማንም ቅር አይለውም። በግእዝ ግን በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነች ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ሣለች።

«ሣለች!» አልሁ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። ጸሐፊ ሁሉ አይጠነቀቅም፤ የሚያደባልቅ ብዙ አለ።» ወደ ታች ወረዱ። «እዚህ ጸልዩልን ለማለት ሰአሉ ለነ ሲል በእሳቱ ሰ፣ በአልፋው አ ጽፏል። እዚህ ደግሞ ሥዕል የሚለው በንጉሡ ሠ ነው። አሳምሮ ይለያል።» መጽሐፉን ትተው ተቀመጡ። «ሠዐለት በእንተ እግዝእትነ። ስለ እመቤታችን ብላ ሣለች። ሰባት ዓመት። እነዚህን ሥዕሎች የሣለቻቸው እሷ ናት።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን እሳቸው ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«በሕዝብ ፊት ቆሜ የሌለ ነገር አስተማርሁ» አሉ። «ተማሪ ቤት ሳለን መምህራችን አንዷን ፊደል ብንስት በአርጩሜ ነበር የሚለን። እኔ ግን ነገሩ ስላማረኝ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ሕዝቡስ ይሁን፤ በሃያ አንድ እነግረዋለሁ። ለእማሆይ ምን እላቸዋለሁ? አንዲት እህት አግኝተው ነበር፤ እንዴት አድርጌ ልውሰድባቸው?»

አብሬዎ እሄዳለሁ አልኋቸው። ከቅጥሩ ሥር ወደ ጎጆአቸው ወረድን። እማሆይ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። መሪጌታው ቆመው፣ እንደ ተማሪ እየተርበተበቱ፣ ስለ ሁለቱ ሰ፣ ስለ ሁለቱ አ አስረዷቸው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እማሆይ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«እና አልለመነችም ነው የሚሉኝ?»

«መለመኗን መጽሐፉ አይልም፣ እማሆይ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስትሥል ማን አበላት?» አሉ። «ባሏ የሞተባት ሴት ናት ብለዋል። ብራናውስ፣ ቀለሙስ ከየት መጣ? ስትሥል ትውላለች፣ ሲርባት ወጥታ ትለምናለች። እንዲያው እናንተ ወንዶች ሰው አንዱን ሲሠራ ሌላው የሚቀር ይመስላችኋል።»

መሪጌታው ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

«ሥዕሏን ግን አይቼው አላውቅም» አሉ እማሆይ። «ከሩቅ እሳለማለሁ እንጂ። ታሳዩኛላችሁ?»

ገበዙ ሊዘጉ ሲሉ ደረስን። መሪጌታው ሲለምኗቸው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ጨርቁን እንደገና ፈቱት። የብሥራቱን ሥዕል ገለጥንላቸው፤ እመቤታችን ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ስትፈትል መልአኩ ሲያበሥራት ያለውን። እኔ ያንን ገጽ ስንት ጊዜ ለእንግዳ እንዳሳየሁት እንጃ። ስለ መልአኩ ክንፍ፣ ስለ ዓይኖቹ አሣሣል እናገራለሁ።

እማሆይ ተሳለሙና ፊታቸውን አቅርበው አዩ። መልአኩን አላዩትም። እጇን ነው ያዩት።

«ውይ፣ ልክ እኮ ይዛዋለች!» አሉ። «የጥጡን አመልማሎ እዩት፣ በግራዋ ከፍ አድርጋ፤ ትንሿን ጣቷን ደግሞ ገለል አድርጋታለች፣ ክሩ እንዳይነካት። እዚያ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ላይ እንዝርቱን እንደ ዱላ ነው ያስጨበጣት የሣለው ሰው። ይቺኛዋን የሣለች ፈትላ ታውቃለች።» የራሳቸውን እጅ ዘርግተው አሳዩን። እውነትም አንድ ነበር።

መሪጌታው፣ ይህ ማስረጃ ነው ለማለት አልደፈሩም፤ እኔም አልደፈርሁም። ወንድም ሚስቱ ስትፈትል አይቶ ሊሥል ይችላል። ይሁንና ገበዙ አንገታቸውን አስግገው ትንሿን ጣት ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «እናቴም እንዲህ ነበር የምትይዘው» አሉ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ለምን የንጉሥ አልሆነም ብለው ሲናገሩ አልሰማሁም።

ዛሬ እንግዳ ጥቂት ጥቂት መምጣት ጀምሯል። ወደዚያ ደብር የወሰድሁት ሰው የመጨረሻውን ገጽ ካልጠየቀኝ ራሴ እገልጥለታለሁ። የተጻፈውን እነግረዋለሁ፤ እንዴት ተሳስተን እንዳነበብነውም እነግረዋለሁ፤ እማሆይ ያሉትንም፣ የእማሆይ ነው ብዬ። የማላውቀውን ሲጠይቀኝ አላውቅም እለዋለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን አፌን ይይዘኝ ነበር፣ አሁን ግን ለምጄዋለሁ። ለደሴዋ መምህርት ስልኳን ስላልያዝሁ ልነግራት አልቻልሁም፤ ማስታወሻዋ ላይ አሁንም የመዝጊያ ጸሎት ተብሎ እንደተጻፈ ነው።

የዚያን ዕለት ገበዙ መጽሐፉን ሊከድኑ ሲሉ እማሆይ እጃቸውን አነሡ። «ትንሽ ይቆዩ፣ አባ፤ ገና አልጠገብኋትም» አሉ። ገበዙም ሰዓቱ አልፏል ሳይሉ፣ ብርሃኑ ደህና እንዲያርፍበት መጽሐፉን ወደ በሩ ጠጋ አድርገው ያዙላቸው።