አይቼው የማላውቀው የሱሉልታ ሜዳ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የልጅ ልጄ ሊዲያ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ስልኳን በአውራ ጣቷ እየገፋች ሦስት ኮንሰርት ታወዳድር ነበር። ኮንሰርት የምለው እኔ ነኝ፤ እሷ «ፌስቲቫል» ነው የምትለው። ሦስቱም ሜዳ ላይ የሚደረጉ፣ ሦስቱም በአንድ ቅዳሜ የሚውሉ ናቸው። እናቷ ደግሞ «አባባ ይዘውሽ ካልሄዱ ከደጅ አትወጪም» ብላታለች። ስለዚህ ዳኛም አጃቢም እኔ ሆንኩ። በሰባ አራት ዓመቴ ይህን ያህል ተፈላጊ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«የቡራዩው ዘፋኙ ብዙ ነው አባባ» አለችኝ። «ግን ሜዳው ጠባብ ነው፤ ለውሃ እንኳ ሰልፍ ነው አሉ። የእኛው የሰበታው ቅርብ ነው፣ በእግር ይደረሳል፤ አምና ግን ሁለቴ መብራት ሄዶባቸዋል። የሱሉልታው ግን…»

እዚህ ላይ ድምጿ ተለወጠ። የሱሉልታው ሜዳ ዳርቻ የለውም። አየሩ ይጠጣል። ስፒከሩ እንደ ቤት ቁመት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ የሚሆነው አይጣል ነው።

«ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ በጭራሽ!»

ሄዶ የማያውቀውን ሜዳ እንዲህ አሳምሮ የሚያወራ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ አውቃለሁ። ያም እኔ ነኝ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እዚሁ ሰበታ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥሬ ቁልፍ እተክል ነበር። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ልብስ ሰፊ ነኝ» እላለሁ እንጂ መቀሱን እንኳ የሚያስነካኝ አልነበረም። በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ገዛኸኝ ይባላል። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ወስዶበት ሰበታ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመጣ፣ ተምሮም መምህር የሆነ ልጅ ነው። ሰውን በኮቴው ይለያል። «ዛሬ ጫማህን ቀባኸው እንዴ፣ አረማመድህ ኮርቷል» ይለኝ ነበር። እውነትም ቀብቼው እገኛለሁ።

ገዛኸኝ ከዓመት በዓል ሁሉ ጥምቀትን ይወዳል። ለሌላው ሰው ጥምቀት ነጭ ልብስ ነው፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ነው፤ ለእሱ ከበሮ፣ ጽናጽል፣ እልልታና የጎረምሳ ጭፈራ ነው። በዚያ ዓመት ጎሬ ተመደበና ከጥምቀት ማግስት ሊሄድ ሆነ። በጥር መጀመሪያ ግድም ወደ ሱቃችን መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

«በቀለ፣ እዚህ አገር የቀረኝ አንድ ጥምቀት ነው» አለኝ። «ይዤው የምሄደው የምሰማውን ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንዱን ልምረጥ። አንተ ዓይን አለህ፣ ንገረኝ፤ በነገርከኝ እሄዳለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ የከበደ አደራ አለ? ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ዳቦ በሻይ እየበላን ሦስቱን አገር እያነሳን ስንጥል ሰነበትን። ሰበታን አብረን ስላከበርነው ልዋሸው አልችልም፤ «ያው የምታውቀው ነው» ብዬ አለፍኩት። ቡራዩን በልጅነቴ ከአክስቴ ጋር አንዴ አይቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ድንቅ ነበር፤ ዜማው ገፈርሳ ውሃ ላይ ሄዶ ከወዲያ ማዶ ሲመለስ ሁለት ማኅበር የሚቀባበል ይመስላል። እኔ ግን «ቡራዩ? ጭቃና ትንኝ ነው» አልኩት። በጥር! ጭቃ! (ሟች ባለቤቴ የቡራዩ ልጅ ነበረች። ይህን ታሪክ የነገርኳት ጊዜ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።)

ሱሉልታንስ? ሱሉልታን ረግጬው አላውቅም ነበር። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ሴትዮ ካፖርት ልታሳድስ ስትመጣ የእህቷን ልጅ አስከትላ ነበር። ልጅቷ ጫልቱ ትባላለች። ቁልፉን ስተክል አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምናልባት ከኋላዬ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ይሆናል ያየችው። ሴትዮዋ ስትወጣ «ለጥምቀት ቶሎ አድርስልኝ፣ ሱሉልታ ነው የምናከብረው» አለችኝ። በቃ። ለእኔ ያ የጥሪ ወረቀት ነበር።

«ሱሉልታማ ሌላ ነው» አልኩት ገዛኸኝን። «ከሦስት ኮረብታ አርባ ከበሮ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲገናኙ ምድር ትንቀጠቀጣለች።»

ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። «አርባ?»

«ቢያንስ።»

«ወንዝስ አለ?»

«ሁለት አለ!»

እንዲህ አድርጌ እኔ አይቼው የማላውቀውን ሜዳ ለማያይ ሰው አሳየሁት። ገዛኸኝም ፈገግ ብሎ «እንግዲያው ሱሉልታ ይሁን» አለ።

ጥር አሥራ አንድ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ነጭ በነጭ ለብሼ፣ ከላይ ኮቴን ደርቤ፣ አዲስ ጫማ አጥልቄ፣ በኮቴ ኪስ ውስጥ አንዲት የበሰለች ሎሚ ከተትኩ። ለወግ ነው፤ ጎረምሳ ለጥምቀት የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታል፣ ልጅቷ ሎሚውን ካነሳችው ነገር አለ ማለት ነው። እስከ አዲስ አበባ በአንድ ሎንቺና አውቶቡስ፣ ከዚያ በሌላ ሆነን እንጦጦን ወጣን። የባሕር ዛፉ ሽታ በተሰበረው መስኮት ይገባል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ገዛኸኝ ከእናቱ የመጣለትን ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ኖሮ አንድ አንድ እፍኝ ተካፈልን። እሱ በየመታጠፊያው «አሁን ቁልቁል ጀመርን»፣ «አሁን ሜዳ ደረስን» ይላል። እኔ ሱሉልታ በቀረበ ቁጥር ቆሎዬን ትቼ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሎሚ እዳብሳለሁ።

ስንወርድ ሜዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሰፊስ ሰፊ ነው፣ በዚህ አልዋሸሁም። የደረቀው ሣር ቢጫ ሆኖ እስከ ተራራው ሥር ይሄዳል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ እዚህም እዚያም የድርቆሽ ክምር ቆሟል። ወንዙ ግን ሁለት ቀርቶ አንድም የለም፤ አንዲት የተገደበች ምንጭ ናት። ታቦታቱ ያደሩበት ድንኳን አጠገብ ካህናቱና ጥቂት ምእመናን ቆመዋል። ከበሮ ፈለግኩ፤ አንድ አየሁ። እሱም ከሣሩ ላይ ተቀምጧል።

«በቀለ፣ ከበሮዎቹስ?» አለኝ ገዛኸኝ።

«እየተሰባሰቡ ነው።»

«ስንት ደረሱ?»

«አሥራ ሁለት» አልኩ። አሁንም ድረስ ያ አሥራ ሁለት ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፌ ነው የቆጠረው።

ገዛኸኝ በትሩን ተደግፎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ሜዳ አዙሮ ቆመ። የሚጠብቅ ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ፊት ነው የቀጣኝ። አንድ የቀረውን በዓል ለአንዲት ካፖርት ለባሽ ሴትዮ የእህት ልጅ ብዬ ሰረቅኩት። ሰበታ ቢቀር እንኳ የሚወደውን ይሰማ ነበር። ቡራዩ ቢሄድ ዜማው በውሃ ላይ ሲመለስ ይሰማ ነበር። ማረኝ ልለው ቆረጥኩ።

«ገዛኸኝ፣ አንድ ነገር ልንገርህ…»

«ዝም በል» አለኝ።

«አይ፣ ስማኝ…»

«ዝም በል እንጂ አንተ!» ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ውርጩ ላይ ቆመ። ከዚያ ተንበረከከና ሁለት መዳፉን ሣሩ ላይ ዘረጋ።

አጠገባችን ድርቆሹን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በኋላ ኦቦ ድሪባ እንደሚባሉ ነገሩን። በቀንድ ማንኪያ ጭኮ ይበላሉ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። ገዛኸኝን አይተው ማንኪያቸውን አቆሙ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉት።

«ምንም አልጠፋብኝም አባቴ። እየመጡ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ኮረብታው ተመለከቱ። እኔም ተመለከትኩ። ምንም የለም። ሣርና ሰማይ ነው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መሬት ላይ አኖሩ፤ ፊታቸው በራ። «ዱፈን!» አሉ። «መጡ! ይሄ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ሰማ!»

እኔ ዓይናማው አሁንም ምንም አላየሁም።

ከዚያ የኮረብታው ጫፍ ጥቁር መስመር ሆነ፤ መስመሩም ተንቀሳቀሰ። ፈረሰኞች ናቸው። ከማዶ ካሉት ቀበሌዎች ሁሉ ታቦታቱን ሊያጅቡ የሚመጡ፣ ኦቦ ድሪባ በኋላ እንዳጫወቱን ከአባት ከአያት ጀምሮ ሳያጓድሉ የሚመጡ ፈረሰኞች። አንዱ መስመር ሳያልቅ ከግራ ሌላ፣ ከቀኝ ሌላ ብቅ አለ። ከሦስት ኮረብታ! የዋሸሁት ውሸት ዓይኔ እያየ እየጋለበ ወደ እኔ መጣ። የፈረሶቹ ግንባር በቀይ ሱፍ አጊጧል፤ ከሰኮናቸው ሥር የውርጩ ውሃ ይረጫል። ድምፁ መጀመሪያ በጫማዬ፣ ከዚያ በጉልበቴ፣ ከዚያ በደረቴ ውስጥ ገባ። መሬቱ ራሱ ከበሮ ሆነ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ሃምሳ ዓመት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁለትም።

ፈረሰኞቹ ድንኳኑን ዞረው በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲሉ ያ ሁሉ ድምፅ ጸጥ አለ። የፈረስ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ታቦታቱ ወጡ፤ ያች አንዲት ከበሮ አንድ ጊዜ ተመታች። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰዉ ሁሉ ሰገደ፤ እልልታው ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ፈረሰኞቹ በኦሮምኛ ካህናቱ በግዕዝ ዜማቸውን አነሱ፤ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው ሄዱ። ገዛኸኝ እንደተንበረከከ ቀረ። እንባው በአገጩ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረገውም።

ጫልቱስ? አልፋለች! ከአክስቷ ጋር ሁለት እርምጃ አጠገቤ አለፈች፤ ያች ያደስኳት ካፖርት ባትኖር አላውቃቸውም ነበር። ሎሚዋን መቼ ከኪሴ እንዳወጣኋት እንጃ፣ በእጄ ይዣት አፌን ከፍቼ ፈረስ አያለሁ። ልጅቷ እጄን አየች፣ የተከፈተ አፌን አየች፣ በነጠላዋ ጫፍ ሳቋን ሸፍና ሄደች። እኔም አልወረወርኩም። ትዝም አላለኝ።

ስንመለስ ሎንቺናው ሰው በሰው ላይ ነበር። እንጦጦን ስንወጣ ገዛኸኝ ጆሮዬ አጠገብ መጣና «ሎሚዋን ለምን አልወረወርክም?» አለኝ።

ክው አልኩ። «የምን ሎሚ?»

«ከሰበታ ጀምሮ ይሸተኛል እኮ። ሱሉልታን ረግጠህ እንደማታውቅም አውቃለሁ፤ ሁለት ወንዝ ስትለኝ ነው ያወቅኩህ። አንድ ብትል ኖሮ አምንህ ነበር።»

«ታዲያ አውቀህ ለምን መጣህ?»

«ሰበታን ስትነግረኝ ያው የምታውቀው ነው አልከኝ» አለ። «ሱሉልታን ስትዋሽልኝ ግን ድምፅህ ውስጥ ሜዳ ነበር። እዚያ የሆነ ነገር ቢኖር ነው አልኩ። አምጣት እስቲ ያችን ሎሚ።»

በጥርሱ ነክሶ ለሁለት ከፈላት። እየመጠጥን፣ ፊታችንን እያኮማተርን ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ ወረድን።

በማግስቱ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ጎሬ አስተማረ፤ እዚያው ካረፈ ዓመታት ሆነው። ከእርሱ ዕረፍት በኋላ አንድ ጎልማሳ ሱቄ መጥቶ ኮት ሲለካ ወሬ ወሬን ሲያነሳ የገዛኸኝ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። «እርስዎ ነዎት የአርባው ከበሮ ጋሽ በቀለ?» ብሎ ዘሎ አቀፈኝ። ለካ ያ ሰው ዓመት በዓመት ለተማሪዎቹ ሱሉልታን ሲያወራላቸው ኖሯል፤ ፈረሶቹንም፣ አርባውንም ከበሮ። ሁለቱን ወንዝም አልተዋቸውም!

ይህን ሁሉ ለሊዲያ አወራሁላት። ስልኳን ትታ ሰማችኝ፤ እንግዲህ ይህም በዚህ ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም።

«ታዲያ አባባ፣ የቱ ይሻላል ይላሉ?»

«የሱሉልታው ይሁን» አልኳት። «ብቻ ልጄ፣ ካንቺ በኩል ሎሚ ሎሚ ይሸተኛል።»

ፊቷ ቀላ። «ምን ሎሚ? እኔ ሎሚ የለኝም!»

«ስሙ ማነው?»

ስልኳን ፊቷ ላይ ደፋች። ከስልኩ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ «ዮናስ» አለ።

እንግዲህ ቅዳሜ እንሄዳለን። ወጣቱ ወደ መድረኩ ሲጋፋ እኔ ከሜዳው ዳር ራቅ ያለ ቦታ እፈልግና ጫማዬን አወልቃለሁ፤ የሚያዩኝ ሰዎች ሽማግሌው ደከመው ይበሉ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንደኛ ዮናስ የሚባለውን እንዳላይ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይናማ ሆኜ ከሁሉም ኋላ የሰማሁባት ያች ጥዋት አሁንም ትቆጨኛለችና መዳፌን ሣሩ ላይ አኑሬ አንድ ጊዜ እንኳ ቀድሜ ልስማ ብዬ ነው። ስፒከር ይሁን ፈረስ፣ መሬት እንደሆነ የሚያልፍባትን ሁሉ ትናገራለች፤ ጎንበስ የሚልላት ነው ያነሰው።

ማታ ልጄ፣ የሊዲያ እናት፣ «አባባ፣ እንዴት ነበር? ምን አዩ?» ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። መልሱን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ።

አርባ ከበሮ እላታለሁ።