የናፉላ ክፍል

በኬንያዋ ቡንጎማ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምረው ናፉላ በየጠዋቱ ሰሌዳዋን በእርጥብ ጨርቅ ታጸዳለች። ዘንድሮ ግን ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ልምምድ የላካት ተማሪ ቼሩቶ ትቀድማታለች። ልጆቹም በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት ቼሩቶን ነው።

«ማዳም፣ ጣውንት መጣችብሽ! ክፍሉን እንዳትነጥቅሽ» አላት ባልደረባዋ ባራሳ በሻይ ሰዓት።

«አርፈህ ሻይህን ጠጣ» አለችው።

ናፉላ ልጆቹን አንድ ዘዴ አስለምዳቸዋለች፤ በእንግዳ ፊት ሁሉም እጅ ያወጣሉ፣ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። የዩኒቨርሲቲው መምህር ቼሩቶን ሊገመግም ሲመጣ ይህን ሳትነግራት ቀረች።

ቼሩቶ የክፍልፋይ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ግራ እጇን ያወጣችውን ናሊያካን ጠራች። ልጅቷ ተነስታ ዝም አለች። በመስኮት የምታየው ናፉላ ደስ አላት።

«ነይ፣ አብረን እንሥራው» አለች ቼሩቶ፤ ጠመኔውን ሰጥታ እየጠየቀች ክፍልፋዩን አስጨረሰቻት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«ይቺን አስተማሪ እንዳትለቋት» አለ ገምጋሚው ለርዕሰ መምህሩ።

ቼሩቶ በተመረቀችበት ዓመት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ተሰጣት። ናፉላ ሦስተኛ ክፍል ተመደበች።